የበረራ ታሪክን የሚዘክር ጠርሙስ፦ በጎጃም ጠጅ ላይ የትኛው ቀን ይጻፍ?

ጠጅ ጣይዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ለተከበራችሁ የጠርሙስ ሰብሳቢዎችና የአቪዬሽን ታሪክ ወዳጆች፣ በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በደብረ ማርቆስ ከእናቴ የተረከብኩትን ጠጅ ቤት አስተዳድራለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠጁን በብርሌ ለሚጠጣው ደንበኛ ከመቅዳት ባሻገር በጠርሙስ አሽገን ለስጦታ ፈላጊዎችና ለመንገደኞች ማቅረብ ጀምረናል። ከውጭ የሚመለሱ ደንበኞቻችን አንዳንድ ጊዜ የአውሮፕላን ሥዕል የታተመባቸውን፣ የአንድ በረራ ዓመት የተጻፈባቸውን የመጠጥ ጠርሙሶች ያሳዩናል፤ ጠርሙሶቹ ባዶ ከሆኑ በኋላም በመደርደሪያ ላይ ተከብረው እንደሚቀመጡ ይነግሩናል። እኔም በአገራችን ሰማይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የታየበት መቶኛ ዓመት እየተቃረበ መሆኑን ስሰማ፣ በጎጃም ማር የተጣለ ጠጅ ይህን ታሪክ በሚዘክር ጠርሙስ ቢቀርብ መልካም ነው ብዬ አሰብሁ።

ነገር ግን ሥራውን በዘፈቀደ መጀመር አልፈልግም። ጠርሙስ ላይ የታተመ ስህተት እንደ ጋዜጣ ስህተት በማግስቱ የሚታረም አይደለም። ስለዚህ በሌላው ዓለም መጠጥና በረራ በምን መንገድ እንደተገናኙ፣ ከኢትዮጵያ የበረራ ታሪክ የትኛው ክንውን ለእንዲህ ያለ መታሰቢያ እንደሚገባ፣ ቀኑም በትክክል መቼ እንደሆነ፣ ከዚያም ጠርሙሱ ምን ዓይነት ቅርጽና ኅትመት ቢኖረው እንደሚሻል የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የአውሮፕላን ቅርጽ ያለው ጠርሙስ እናሠራ ይላል፤ እኔ ግን ገና አልወሰንሁም።

ጠርሙስ ሰብሳቢ፣ ዳንግላ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በደስታ አንብቤዋለሁ። ስለ ልማዱ አመጣጥ የማውቀውን ላካፍልዎት።

መጠጥና በረራ በታሪክ የተገናኙት በመጀመሪያ በመደርደሪያ ላይ ሳይሆን በምረቃ ሥነ ሥርዓት ነው። መርከብ ወደ ባሕር ሲወርድ በአፍንጫው ላይ የሻምፓኝ ጠርሙስ መስበር የቆየ ልማድ ስለነበር፣ ታላላቅ የአየር መርከቦችና አውሮፕላኖች ሲሰየሙም ያው ልማድ ተወረሰ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን የምረቃ ጠርሙሶች በውስጣቸው የያዙት ሌላ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1924 «ሎስ አንጀለስ» የተባለችው ግዙፍ የአየር መርከብ ስትሰየም የፕሬዚዳንት ኩሊጅ ባለቤት የተጠቀሙት ከዮርዳኖስ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ «አሜሪካን ክሊፐር» የተሰኘውን በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሲያስመርቅ የፕሬዚዳንት ሁቨር ባለቤት የካሪቢያን ባሕር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ሰበሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እገዳው ከተነሣ ከዓመታት በኋላም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1939 ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት «ያንኪ ክሊፐር»ን ሲሰይሙ ወደ ሻምፓኝ አለመመለሳቸው ነው፤ በእጃቸው የያዙት ጠርሙስ ከሰባት ባሕሮች የተውጣጣ ውሃ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያው የፓን አሜሪካን ቦይንግ 747 ሲመረቅም ወይዘሮ ፓት ኒክሰን ጠርሙስ አልሰበሩም፤ በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት የተቀለመ ውሃ በአውሮፕላኑ ላይ እንዲረጭ አደረጉ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለበረራ ክብር በተዘጋጀ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ነገር የግድ የሚያሰክር መጠጥ መሆን እንደሌለበት የሚያሳይ ጥሩ ታሪክ ነው። ዮርዳኖስን በየዓመቱ በጥምቀት ለምናስብ ለእኛ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ጠርሙስ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይሰማንም።

ለመደርደሪያ የሚሠራው ጠርሙስ በብዛት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጂም ቢምን የመሳሰሉ የአሜሪካ ውስኪ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሸክላ የተሠሩ፣ የሰው፣ የእንስሳ፣ የመኪናና የሌሎች ተሽከርካሪዎች ቅርጽ ያላቸውን ጠርሙሶች ያወጡ ነበር፤ የሰብሳቢ ማኅበራትም ተቋቁመውላቸዋል። በኋላ ግን በብዛት ስለተመረቱ፣ ብዙዎቹ ዛሬ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። ከዚህ መስመር ወጣ ብሎ የሚጠቀሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1985 መጨረሻ «ቻሌንጀር» በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ጠፈር የወጡት የኮካ ኮላና የፔፕሲ ልዩ ቆርቆሮዎች ናቸው። ክብደት በሌለበት ስፍራ ጋዝ ያለው መጠጥ ከተለመደው ቆርቆሮ በአግባቡ ሊወጣ ስለማይችል፣ ሁለቱም ኩባንያዎች ለዚሁ ብለው የራሳቸውን ቆርቆሮ ሠርተው ነበር።

ስለ አውሮፕላን ቅርጽ ያነሡትን በተመለከተ፣ ባለቤትዎን አክብሬ በሐሳቡ ግን አልስማማም። ክንፍና ጅራት ያለው ጠርሙስ ክንፉ በቀላሉ ይሰበራል፣ በሳጥን ለመደርደር ያስቸግራል፣ ለማጠብም ያዳግታል። ለዚያ ቅርጽ የሚያስፈልገውን መቅረጫ ማሠራትም ለትንሽ ድርጅት የሚቀመስ ወጪ አይደለም። እኛ ዘንድ የራሳችን የሆነ የመጠጥ ዕቃ አለ፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነው ብርሌ። የብርሌን መልክ የተከተለ፣ በሆዱ ላይ አንዲት አውሮፕላን በቀጭን መስመር የተሣለችበት ጠርሙስ የጎጃም መሆኑን ማንም ሳያነብ ያውቀዋል።

የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

እንደምን አሉ፣ እህታችን። ስለ ቀኖቹ የሚከተለውን ልበል።

ያኔ ራስ ተፈሪ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ኅዳር ወር ገደማ በኤደን የእንግሊዝ አየር ኃይል ያቀረበውን ትርዒት ተመልክተው ነበር፤ አውሮፕላን ወደ አገራቸው ለማምጣት ያላቸው ፍላጎትም በዚያ አጋጣሚ ጸና። ከዚያ በኋላ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፓይለት ያበረረው ፖቴዝ 25 የተሰኘ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1929 ነው። ከሳምንታት በኋላም ዩንከርስ የተባለ የጀርመን አውሮፕላን ተከተለ። ስለዚህ መቶኛው ዓመት የሚውለው ነሐሴ 12 ቀን 2021 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፈረንጆቹም አቆጣጠር ኦገስት 18 ቀን 2029 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ፓይለቶች የሚባሉት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የፓይለትነት ማዕረጋቸውን ያገኙት በቀጣዩ ዓመት ነው። ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ በረራ የተማሩትን ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩንም ማንሣት ይገባል።

በዚህ ቀን ላይ ግን ሁለት ነገር እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። አንደኛው የቀኑ አዋዋል ነው። ነሐሴ 12 በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። በጾመ ፍልሰታ፣ ያውም በጎጃም፣ ጠጅ ይዞ በአደባባይ ማስመረቅ ብዙ ሰው አይቀበለውም። ምረቃውን ከነሐሴ 16 በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ አለበለዚያም በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውን መጠጥ መለወጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የከበደ ነው። ያ የመጀመሪያው አውሮፕላንና ተከታዮቹ የመጡት ለመንገደኛ አልነበረም። በመጋቢት 1922 በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አውሮፕላን ተሰማርቷል። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያውያን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ጥለዋል፤ በአምስቱ ዓመት የጎጃም አርበኞችም ከሰማይ የሚወርደውን ቦምብ ችለው ተዋግተዋል። በዚህ አገር የአባቶቻችን ትውልድ አውሮፕላንን ያወቀው በድምፁ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ከብቱን ትቶ ወደ ገደል ይሸሽ ነበር። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም መጠራቱን ሳስብ፣ አውሮፕላን ሁሉ የጠላት በነበረበት ዘመን የታገለ አርበኛ ስሙ በሰላም መንገደኛ በሚመላለስበት ሜዳ ላይ መዋሉ ታላቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል። መታሰቢያ ጠርሙስ ግን ሙሉውን ታሪክ ለማስረዳት ቦታ የለውም፤ ለደስታ የሚከፈት ዕቃ ነው። ስለዚህ ለእኔ ከ1921ዱ ይልቅ የሲቪል በረራው ታሪክ ይመረጣል።

በዚያ በኩል ሦስት ክንውኖች ጎልተው ይታዩኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ አውሮፕላኑም ከጦርነቱ የተረፈ ዲሲ ሦስት ነበር። ሁለተኛው ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ መሬት ሳይነካ አዲስ አበባ በመድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ በዚያን ጊዜም ሁለት ሞተር ባላቸው የመንገደኛ ጄቶች ዘንድ ክብረ ወሰን ሆነ።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። በባሕር ዳር የተወለዱት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ በሴቶች ብቻ የተከናወነውን በረራም መርተዋል። ያን ዕለት ከበረራ ክፍሉ በተጨማሪ የምድር ሥራውን ጭምር የሠሩት ሴቶች ነበሩ። ጎጃም የራሷን የበረራ መታሰቢያ ታውጣ ከተባለ ከዚህ የሚቀርብ አላገኘሁም። ለዚያውም በሴት እጅ በሚጣል ጠጅ።

ጠጅ ጣይዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ለሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍልሰታው ነገር ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር፤ እናቴም ብትሰማ የምትናገረው ይህንኑ ነው። ስለ ቦምቡ የተነሣው ሐሳብ ከባድ ነው፤ ሽማግሌዎቻችንም ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሆኖም መቶኛው ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ ልተወው አልፈልግም። መጠጡን ብለውጠውስ? ለምሳሌ ጌሾ ያልገባበት ብርዝ በጠርሙስ ታሽጎ ሊቆይ ይችላልን? ጠርሙሶቹ ደግሞ በአውሮፕላን ተጭነው ለስጦታ የሚሄዱ ስለሚሆኑ፣ በአየር ላይ ምን እንደሚደርስባቸው የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የምግብ ኬሚስትሪ ባለሙያ፣ ቡሬ

ወይዘሮ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል። ብዙ ጊዜ ሰው ስለ ሥዕሉ ተጨንቆ ስለ ውስጡ ይዘነጋል።

ብርዝ ከጠጅ ይልቅ ለማሸግ ያስቸግራል። ማርና ውሃ ብቻ ቢሆንም፣ በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ውሃ ሲያገኝ ስለሚነቃ፣ ካልተገታ በቀናት ውስጥ መፍላት ይጀምራል። እንዲሁ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብርዝ ጋዝ እያጠራቀመ ሄዶ ወይ ቡሹን ይወረውራል፣ ወይ ጠርሙሱን ይሰብራል። ስለዚህ ከታሸገ በኋላ ጠርሙሱን ከነመጠጡ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ያስፈልጋል፤ ጊዜው የሚቆጠረውም የጠርሙሱ መካከል ያ ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የማሩ መዓዛ ጥቂት ይቀንሳል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ጠጁም ቢሆን ጣፋጭነቱ ሳያልቅ ከታሸገ ያው አደጋ አለበት፤ ስለዚህ መፍላቱን ጨርሶ እስኪጠራ ድረስ መታገስ ወይም እንደ ብርዙ ማሞቅ ግድ ነው። ከቡሹ በታችም ለመስፋፊያ የሚሆን ጥቂት ባዶ ቦታ ይተዉ።

የአውሮፕላኑ ነገር ከሚፈሩት የቀለለ ነው፤ ደግሞም ለእናንተ ለጎጃሞች ደስ የሚያሰኝ ነገር አለበት። አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እንደ ባሕር ጠለል አይደለም፤ በአብዛኞቹ ጄቶች ውስጥ ግፊቱ ቢበዛ በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ያለችው በዚያው ከፍታ አካባቢ ነው። ቦይንግ 787 ደግሞ ግፊቱን በ1,829 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ስለማያሳንሰው፣ በውስጡ የተቀመጠ መንገደኛ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እንደተቀመጠ ሰው ይተነፍሳል። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ የታሸገ ጠርሙስ በበረራ ጊዜ ከቤቱ እምብዛም ያነሰ ግፊት አያጋጥመውም። ባሕር ጠለል አካባቢ የታሸገ መጠጥ በአየር ላይ የሚገጥመውን ፈተና የእርስዎ ጠርሙስ ገና ሲታሸግ አልፎታል።

ለመንገደኞች ግን ይህን ይንገሯቸው፦ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይዞ በዓለም አቀፍ በረራ መሳፈር በአብዛኞቹ የአየር ማረፊያዎች አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ መግባት አለበት። የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ በታች የሆነ መጠጥ በአደገኛ ዕቃነት አይመደብም፤ ጠጅም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሚደርሱበት አገር የጉምሩክ ደንብ ግን ለየብቻው መታየት አለበት።

ስለ ኅትመቱም አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ባዶው ወደ ፋብሪካ ተመልሶ፣ በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። የወረቀት መለያ በዚያ እጥበት ይላቀቃል። የመታሰቢያ ጠርሙስ በአገራችን እምብዛም የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ጠርሙሱ የፋብሪካው ንብረት እንጂ የጠጪው አይደለም፣ ከዙሩ የወጣውንም ቢሆን ቆራሌው ይሰበስበዋል። የእርስዎ ጠርሙስ ከገዢው ጋር የሚቀር ስለሆነ ሥዕሉ በመስታወቱ ላይ በሴራሚክ ቀለም ታትሞ በ600 ዲግሪ ገደማ ቢጋገር ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ኅትመት ውሃም ጊዜም በቀላሉ አያጠፉትም። አቅም ካልፈቀደ የወረቀት መለያ ይሁን፤ ነገር ግን ከፀሐይ እንዲርቅ ለገዢው ይነገረው። የሸክላ ጠርሙስ ወይም ክሪስታል ከታሰበ ደግሞ በመለበጫው ወይም በመስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለመኖሩ ሳይመረመር መጠጥ አይግባበት፤ የማር መጠጥ ኮምጣጣነት ስላለው እርሳስን ቀስ በቀስ ያሟሟል።

ጠበቃ፣ ፍኖተ ሰላም

በአጭሩ ስለ ሕጉ ብቻ ላንሣ። የአየር መንገድን ስም፣ ዓርማና የቀለም አቀማመጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ማተም የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ነው። ቀኑንና ክንውኑን መጻፍ ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ የአውሮፕላኑንም ሥዕል ያለ ዓርማ በራስዎ ሠዓሊ ማሣል ይችላሉ። በሕይወት ያሉ ሰውን፣ ካፒቴን አምሳለንም ጨምሮ፣ በስም ወይም በምስል ለማቅረብ ሲታሰብ አስቀድሞ እሳቸውን ማስፈቀድ ሕጋዊም ጨዋነትም ነው። ፓይለትን ከአልኮል መጠጥ ጋር በአንድ ጠርሙስ ላይ ማሣል ደግሞ፣ ቢፈቀድም እንኳ፣ ሙያውን አያስከብርም፤ ፓይለት ከበረራ በፊት መጠጥ እንዳይቀምስ በጥብቅ የተከለከለ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ ይህን በጠርሙሱ ላይ ያስፍሩ። ብርዝ ከሆነ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሐሳቦች ይወድቃሉ።

ጠጅ ጣይዋ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከባለቤቴም ጋር ተመካክረናል። የአውሮፕላን ቅርጹን ትተን የብርሌ መልክ ያለው ጠርሙስ እናሠራለን። ለነሐሴ 12 ቀን 2021 ዓ.ም. የሚዘጋጀው ብርዝ ይሆናል፤ ለጾሙም ይስማማል፣ ልጆችም ይጠጡታል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ለመጋቢት 30 መታሰቢያ የሚሆን ጠጅ በጥቂት ጠርሙስ አሽገን እንሞክራለን፤ በእሱ ላይ የምትሣለው ዲሲ ሦስት ናት። ለካፒቴን አምሳለ ደብዳቤ ጽፌ ፈቃዳቸውን እጠይቃለሁ፤ ቢፈቅዱ የእሳቸው ስም የሚሰፍረው በብርዙ ጠርሙስ ላይ ብቻ ነው።

በመቶኛው ዓመት ጠርሙስ ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ይህን ነው፦ «ነሐሴ 12 ቀን 1921 – ነሐሴ 12 ቀን 2021። በኢትዮጵያ ሰማይ መቶ ዓመት። በጎጃም ማር፣ በደብረ ማርቆስ የተዘጋጀ።» መምህር፣ የሚታረም ካለ ይንገሩኝ።

የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሦስት ማስተካከያ አለኝ። ከሁለቱም ዓመቶች ቀጥሎ «ዓ.ም.» ይግባ፤ ጠርሙሱ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄድ፣ ያለዚያ የሚያነበው እንግዳ 1921ን በፈረንጆች አቆጣጠር ወስዶ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀድመዋል። ከሥሩም በትንሽ ፊደል «እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1929» ይጻፍ። «በኢትዮጵያ ሰማይ መቶ ዓመት» የሚለውንም «የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈበት መቶኛ ዓመት» ብለው ቢለውጡት እመርጣለሁ፤ በመካከሉ ያሉትን የጦርነት ዓመታት ከበዓሉ ጋር አያደባልቅምና። የመጋቢት 30ውን ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ደግሞ አሥመራን እንዳይዘነጉ፤ በረራው ካይሮ የደረሰው በአሥመራ በኩል ነው።